የልማት ሠንጠረዡና የእማማ ዘነቡ ልጅ

መነሻ

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከደሴ መናኸሪያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሳሁ። የምሄደው ለንደን ነው። ለአስራ ስድስት ዓመት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በዘንግ ስጠቁማት የኖርኩትን ከተማ ላያት ነው፤ ግን የጠበቅኩትን ያህል ደስ አላለኝም። ሁለት ጉዳይ ይዣለሁ፤ ሁለተኛው ከብዶኛል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ደብዳቤና ማኅተም ያለው ነው። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የአገሮችን የሰብዓዊ ልማት ደረጃ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በአገሩ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል፣ ስንት ዓመት ይማራል፣ ገቢው ምን ያህል ነው? ሦስቱ ተዋህደው አንድ ቁጥር ይወጣቸዋል፤ አገሮችም በዚያ ቁጥር ይሰለፋሉ። ከላይ ኖርዌይ፣ ወደ ታች ወረድ ሲሉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ እኛ። ይህን ትምህርት እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ከልዩ ልዩ አገሮች ለተውጣጡ መምህራን ለንደን ውስጥ የሁለት ሳምንት ሥልጠና እንደሚሰጥ ሰምቼ፣ ያለ ብዙ ተስፋ ፎርም ሞልቼ ነበር። ተቀበሉኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የእማማ ዘነቡ ነው። እማማ ዘነቡ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። አንድ ልጃቸው አንተነህ ተማሪዬ ነበር፤ ያውም ከስንት ዓመት አንዴ የሚገጥም ተማሪ። ከምርጫ 97 በኋላ በነበረው ግርግር ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ታፍሶ ካምፕ ውስጥ ወራት ቆየ። ሲፈቱት ወደ ክፍል አልተመለሰም። በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንንና ሊቢያን አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ አንድ ቀን ከለንደን ደወለ። በጎረቤት ስልክ በየወሩ ይደውል ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ካለ አንድ ዓመት ተኩል ሆነው። የእድሩ ሽማግሌዎች እቤታቸው ድረስ መጥተው “ዘነቡ፣ ልጁ ሞቷል፤ እርምሽን አውጪ፣ ለቅሶ ተቀመጪ” አሏቸው። እሳቸው “ሳላውቅ አላለቅስም” ብለው መለሷቸው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ በፌስታል በሶና ቆሎ ይዘው ቤቴ መጡ።

“ቲቸር ሙሉ፣ ካገኘሽው ይህን ይብላ። ካላገኘሽው ለመንገደኛ ስጪው። ወደኔ ግን እንዳትመልሺው።”

“ምናልባት ክፉ ብሰማስ እማማ?”

“ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። እኔ ያልቻልኩት አለማወቁን ነው።”

አውቶቡሱ ኮምቦልቻን ወርዶ፣ ከሚሴን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ለምሳ ቆምን። ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሳንቆይ ደብረ ሲና ዳገት ላይ መልሼ ለበስኩት፤ የጣርማ በር ዋሻ አፉ እንኳ በጉም ተሸፍኖ አልታይ ብሎ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠይቀውኝ “ለንደን” ስላቸው ፌስታሉን አይተው “ይሄንንም ለንደን?” አሉኝ። “ይሄንንም” አልኳቸው። እስከ አዲስ አበባ እቅፌ ላይ አስቀመጥኩት።

ብሪክስተን

ሂትሮው ላይ ፓስፖርቴን የሚያየው ወጣት መቼ እንደምመለስ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። የመመለሻ ትኬቴን፣ የትምህርት ቤቴን ደብዳቤ፣ የቤቴን ካርታ ቅጂ ሳይቀር ዘረጋሁለት። ጨዋ ነበር፤ ሲጠይቀኝም ፈገግ ይላል። ሆኖም ለመምጣቴ ሳይሆን ለመሄዴ ዋስትና ስሰጥ እንደቆምኩ ገብቶኛል። ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ተጉዤ፣ ግሪን ፓርክ ላይ ቀይሬ፣ የቪክቶሪያ መስመር መጨረሻ ወደሆነችው ብሪክስተን ደረስኩ። ከጣቢያው ደረጃ ስወጣ ከበሮ የሚመታ ሰው፣ ዓሣና ጎደሬ የሚሸጥበት ገበያ፣ በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች የተዘጋጋ መንገድ ተቀበለኝ።

የአክስቴ ልጅ እትዬ አልማዝ የቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ለትምህርት መጥታ በዚያው የቀረች ናት፤ አሁን አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ትመግባለች። አማርኛዋ በመጣችበት ዓመት ቆሟል።

“ቀበሌው አሁንም ስኳር በሬሽን ያድላል?” አለችኝ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ።

ልጇ ሣራ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሶፋው ላይ ሳትነሳ ሳቀች። “ማሚ! ዛት ወዝ ላይክ ሰርቲ ይርስ አጎ!” አለች፤ ይሄ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ወሬ ነው ማለቷ ነው።

ሻይ ስንጠጣ ስለ አንተነህ አነሳሁ። እትዬ አልማዝ ስኒዋን አስቀመጠች።

“ወረቀት አለው?”

“የምን ወረቀት?”

“የመኖሪያ። እዚህ አገር የኛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ሙሉዬ፣ ወረቀት ያለውና የሌለው። ከሌለው በየቦታው ስሙን እየጠራሽ አትጠይቂ። ይደነግጣል፣ አድራሻም ይቀይራል። እኔ ራሴ ስንቱን አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም።”

ገመዱ

ሥልጠናው የሚሰጠው ሃክኒ ውስጥ ባለ አዳራሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ከብሪክስተን ወደ ሰሜን እሄድና ሌላ ባቡር ቀይሬ እደርሳለሁ። ባቡሩ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። የሁሉንም ነገር ዋጋ ወደ ብር እየመነዘርኩ ማየት በሁለተኛው ቀን አቆምኩ፤ ምሳ ሊከለክለኝ ነበር።

አሠልጣኛችን ክሌር የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀይ ጫማ የምታደርግ ደግ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹን ዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ገመድ ዘረጋች። ጠረጴዛ ላይ የአገር ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች ደርድራ፣ እያንዳንዳችን የሌላ ሰው አገር አንስተን በልማት ደረጃው ገመዱን ይዘን እንድንቆም ነገረችን። ከጋና የመጣው መምህር ኮፊ ኖርዌይን አነሳና “ዛሬ ጡረታ ልወጣ እችላለሁ” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። የባንግላዴሿ መምህርት እንግሊዝን ወሰደች። ሁሉም አንስተው ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ ቀረ። ኢትዮጵያ ነበረች። አንስቼ ያዝኳት።

የኖርዌይ ጫፍ መስኮቱ ሥር፣ ሻይና ብስኩት ካለበት ዘንድ ነው። የእኔ ጫፍ አዳራሹ ስላልበቃው በበሩ ወጥቶ ኮሪደር ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ደረሰ። እዚያ ቆሜ የክሌርን ማብራሪያ በከፊል ሰማሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ልትንቀኝ አልፈለገችም፤ አዳራሹ ነው ያጠረው። ግን እንደዚያ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር አሰብኩ፤ በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ሰሌዳዬ ግርጌ ላይ እንደዚህ አቁሜ ይሆን? አብረውኝ ስቀው ይሆናል እነሱም።

ስቶክዌል

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠበል ጠዲቅ ሲቀርብ አጠገቤ የተቀመጡትን አንዲት እናት ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አንተነህ የሚባል የደሴ ልጅ ያውቃሉ? ረጅም፣ ቀይ ዳማ።”

ዓይናቸውን ከሳህናቸው ሳያነሱ “ብዙ አንተነህ አለ” አሉ። ቆይተው ግን ሲነሱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው መንገድ ገባ ብሎ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሰው እንዳለ ነገሩኝ። “እሱን ጠይቂው። እኔ አልነገርኩሽም።”

ባለሱቁ አምሳ ዓመት የሆነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ስሙን ስጠራለት ሚዛኑን ትቶ አየኝ።

“እርስዎ ማነዎት?”

“ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ነኝ።”

“የኤምባሲ ሰው አይደሉም?”

ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት። የአስራ ስድስት ዓመት ጠመኔ የጣቶቼን ጫፍ አድርቆ ሰነጣጥቆታል። “የኤምባሲ ሰው እጅ እንዲህ ነው?”

ፈገግ አለ። “ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብሪክስተን ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ይሂዱ። በሩ ሳይከፈት ፊቱ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያገኛሉ። እሱ ነው።”

በሕይወት አለ ማለት ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቀኝ ውኃ ሰጠኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ

በማግስቱ ለክሌር እንደማረፍድ አስታውቄ ሄድኩ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ወደ ውስጥ ዘልቄ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ጥግ ላይ፣ የሒሳብ መጽሐፍ ዘርግቶ፣ አንድ ወገኑ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ የሚጽፍ ሰው አየሁ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ አርባ ያለፈው ይመስላል። “አንተነህ” አልኩ ቀስ ብዬ።

ቀና አለ። ከዚያ፣ መምህር ክፍል ሲገባ ተማሪ እንደሚነሳ፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

“ቲቸር? እናቴ ሞተች?”

“ደህና ናት። አንተ ሞትክ ወይ ብላ ነው የላከችኝ።”

ወደ ውጭ ወጥተን አጠገብ ካለው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፌስታሉን ሰጠሁት። ከፈተው፤ አልቀመሰም፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ብዙ ቆየ። ሲያወራ አፉን በእጁ እንደሚጋርድ ያን ጊዜ አስተዋልኩ። ከፊት ሦስት ጥርስ የለውም። ሊቢያ እስር ቤት ነው የቀረው።

“የጥገኝነት ኬዜ ሪጀክት ተደረገ ቲቸር። አፒል አደረግኩ፤ እሱም ሪጀክት ተደረገ።”

“ካምፕ እንደነበርክ አልነገርካቸውም?”

“ነገርኳቸው። ግን የተያዝኩበትን ቀን በሁለት ኢንተርቪው ላይ ለያይቼ ተናገርኩ። በእኛ አቆጣጠርና በነሱ መሃል ተምታታብኝ። እርስዎ ያውቃሉ፣ ቁጥር ይምታታብኛል እንዴ? ያን ቀን ግን ተምታታብኝ። ያየኝ ሰውዬ ውሸታም ነው ብሎ ጻፈ።”

አሁን መሥራት አይፈቀድለትም። በየሁለት ሳምንቱ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ይፈርማል፤ ሲፈርም በዚያው ይዘው ሊያስቀሩት ይችላሉ። የሚያድረው ስቶክዌል፣ አንድ የጎጃም ልጅ የተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ሌሊት ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ሠርቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይመለሳል። አልጋው አንድ ነው። አንተነህ ሌሊት ይተኛበታል፣ ልጁ ቀን። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አለበት። ዝናብም ቢሆን፣ ቢታመምም። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪከፈት ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዞራል።

“ለምን አትደውልላትም? ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ተቀመጪ እያሏት ነው።”

“ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ ብያት ነበር። ከዚያ ልመረቅ ነው አልኳት። ለፋሲካ እመጣለሁ አልኳት። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። የምላት አለቀብኝ።”

“እውነቱን ንገራት። ልጇ ነህ።”

ወደ እኔ ሳይዞር “አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር፣ አሥረኛ ክፍል፤ ያስታውሳሉ?” አለኝ።

አላስታወስኩም።

“ሠንጠረዡን ጽፈው ሲጨርሱ እጄን አወጣሁ። ‘አንድ ሰው ከታችኛው አገር ወደ ላይኛው ቢሄድ የሱ ቁጥር የየትኛው አገር ይሆናል?’ አልኩ። እርስዎ ‘የሄደበት አገር ነዋ!’ አሉኝ። ጎበዝ ብለው ክፍሉን በሙሉ አስጨበጨቡልኝ።”

አሁን አስታወስኩ። ጭብጨባውን ጭምር።

“ጥፋቱ የእርስዎ ነው አላልኩም። ልጅ ነበርኩ፣ እርስዎም አስተማሪ። ግን በረሃ ላይ መኪናው ተበላሽቶ በእግር ስንሄድ፣ ስንት ሰው ወድቆ ሲቀር፣ እኔ ያን እያሰብኩ ነበር የምራመደው። እንግሊዝ ስገባ የእንግሊዝ ቁጥር ይሰጠኛል እያልኩ።” የፌስታሉን አፍ ቋጠረው። “እዚህ ሰው ሰማንያ ዓመት ይኖራል ብለውን አልነበር? እኔ አሁን የምፈራው እሱን ነው ቲቸር። እንደዚህ ሆኜ ሃምሳ አምስት ዓመት ይቀረኛል።”

ይቅርታ ልለው ፈለግኩ። በአስራ ስድስት ዓመት ማስተማር ውስጥ ተማሪን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። “ተመለስ፣ አገርህ ግባ” አልኩት በምትኩ።

“ካምፑን እርስዎ አላዩትም” አለኝ።

እንግዳ መቀበያው

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥልጠናው ሲያበቃ በየቀኑ እየሄድኩ አገኘው ነበር። እትዬ አልማዝ ምግብ ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቅም። በመጨረሻው ዓርብ እያንዳንዳችን አንድ ትምህርት እንድናቀርብ ታዘዝን፤ እንግዳ መጋበዝም ተፈቅዷል። አንተነህን ለመንኩት። “አንተ ተናገር። አንተ ቆመህ ጥያቄህን ጠይቃቸው። እኔ መልስ የለኝም፤ እነሱ ካላቸው እንስማ።” ሁለት ቀን አንገራግሮ እሺ አለ።

ዓርብ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ሃክኒ እስክንደርስ ባቡሩ ውስጥ የሚናገረውን በሹክሹክታ ሲለማመድ ሰማሁት። እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ሴት ፈገግ ብላ ስሙን እንዲጽፍና ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንዲያሳይ ጠየቀችው።

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ያለው አንድ ካርድ ነው፤ ፎቶው ያለበት፣ መሥራት የተከለከለ መሆኑ የተጻፈበት። ከግማሽ በላይ ካወጣው በኋላ መልሶ ከተተው።

“ቲቸር፣ እቤት ረስቼዋለሁ” አለኝ በአማርኛ።

እንዳልረሳው ያውቃል፤ እኔም አይቻለሁ። ሴትዮዋ “ይቅርታ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው” አለች፤ ከልቧ። ተከትዬው እስከ በሩ ሄድኩ። “ይግቡ፣ ይረፍድብዎታል” ብሎኝ ሄደ። ሲሮጥ ማየት ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ማንም እንዳያስተውለው ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

ተራዬ ሲደርስ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አላነበብኩም። ገመዱ እንዲዘረጋ ጠየቅኩ። “አንድ ኢትዮጵያዊ አለ” አልኳቸው። “እዚህ ከተማ ውስጥ ይኖራል። መሥራት አይችልም፣ መማር አይችልም፣ አልጋውን በተራ ይተኛበታል። አሁን በራችሁ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። የት ጋ ላቁመው? የኢትዮጵያ ጫፍ ላይ እንዳላቆመው እዚያ የለም። የእንግሊዝ ቦታ ላይ እንዳላቆመው እዚህም የለም።”

ክሌር ዓይኗ እንባ አቀረረ። “በጣም ትልቅ ጥያቄ ነው” አለች። “እባካችሁ ለሙሉ አጨብጭቡላት። ከምሳ በኋላ እንመለስበታለን።”

አጨበጨቡልኝ። ከምሳ በኋላ የምስክር ወረቀት ታደለና ፎቶ ተነሳን። ክሌርን ልቀየማት አልቻልኩም። መልስ ላጣሁለት ጥያቄ ጭብጨባ መስጠትን እኔም ተክኜበት ኖሬአለሁና። ኮፊ ብቻ ሊሰናበተኝ ሲመጣ “የኔም ታናሽ ወንድም ጣሊያን ነው” አለኝ።

ፎቶው

ቅዳሜ፣ ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ አንተነህ ስቶክዌል እንድመጣ ነገረኝ። የጎጃሙን ልጅ ኮት ለብሶ ነበር። ትከሻው ሰፍቶታል። ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ደረጃና አበባ ያላቸው ቤቶች ወደተደረደሩበት መንገድ ወሰደኝና ሰማያዊ በር ካለው አንድ ቤት ፊት ቆመ።

“እዚህ ጋ ያንሱኝ። ለእናቴ ያሳዩልኝ። መምህር ሆኗል ይበሏት። ለሥራው ነው የማይመጣው ይበሏት።”

“አንተነህ፣ እሷን መዋሸት አልችልም።”

“ታዲያ ምን ሊሏት ነው? ጥርሱ የለም፣ በሰው አልጋ ተራ ጠብቆ ይተኛል ሊሏት ነው?”

ካሜራዬን አወጣሁ። ደረጃው ላይ ወጥቶ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሲቆም በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ወጡ። አንተነህ ደንግጦ ደረጃውን በአንድ ዝላይ ወረደ፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁን እንሄዳለን ይላል። ሴትዮዋ እሱንም ካሜራዬንም አዩ።

“ፎቶ ነው? ታዲያ ምን ቸገረኝ!” አሉ። ከዚያ የቆሻሻ በርሜላቸውን እየጎተቱ ወደ ጎን ወሰዱት። “ይህ ባይታይ ይሻላል” አሉን። ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉልን።

በዚያች አገር ካየሁት ሁሉ ያን ያህል ያስለቀሰኝ የለም። አንተነህ እንደገና ወጣ፣ አፉን ገጠመ፣ ቀና አለ። አነሳሁት። ስንለያይ የጎጃሙን ልጅ ስልክ ቁጥር ጻፈልኝ። “እደውላለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም” አለኝ።

ደሴ

ፎቶውን አዲስ አበባ ፒያሳ አሳጠብኩት። ደሴ ስደርስ ዝናቡ ያው ነው፣ ጭቃውም ያው። ቤቴ ሳልገባ ወደ እማማ ዘነቡ ግቢ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ እንዳለሁ “አለ! እማማ፣ አለ!” ብዬ ጮህኩ። መጥረጊያ እንደያዙ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እልልም አላሉ፣ አላለቀሱም። ቀና ብለው “በሶውን በላ?” አሉኝ።

“በላ።”

ውስጥ ገብተን ፎቶውን ሰጠኋቸው። እንደተለማመድኩት ልጀምር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱ።

“ይህ የማን ኮት ነው?” አሉኝ።

አቀርቅሬ የጫማዬን ጭቃ አየሁ።

“አፉንስ ለምን ገጠመው? ልጄ ፎቶ ሲነሳ ሁልጊዜ እየሳቀ ነው። ንገሪኝ ቲቸር። ክፉም ቢሆን ንገሪኝ ብዬሽ አልነበር?”

ነገርኳቸው። ካርዱን፣ አልጋውን፣ ጥርሱን። እኔ አሥረኛ ክፍል የመለስኩለትን መልስ ሳይቀር ነገርኳቸው። አልገሰጹኝም፣ አላጽናኑኝምም። ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

“እንደነገርሽኝ እንዳይሰማ” አሉኝ በመጨረሻ። “አየችው፣ አመነች በይው። ካመንኩለት ይደውላል።”

ከጉዞው የተማርኩትን የሚጠይቁኝ ባልደረቦች ብዙ ናቸው። መስከረም ሲጠባ ሠንጠረዡን መልሼ እጽፋለሁ፤ ለፈተና ይመጣል፣ አለማስተማር አልችልም። ቁጥሮቹም ውሸት አይደሉም፤ ክሌር አገር ውስጥ ሰው በእውነት ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ እኛ ዘንድ በእውነት ቶሎ ይሞታል። እኔ የማውቀው ከዚህ በላይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገር ከፍ ማለቱ በውስጡ የቆመውን ሰው ሁሉ ከፍ አያደርገውም። ይህን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ከመካከላቸው የሚሄድ መኖሩንም አውቃለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በእኔ ሞባይል ደወልን። የጎጃሙ ልጅ አንስቶ ስልኩን ሰጠው። እማማ ዘነቡ ቆመው ነበር የሚያወሩት፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው።

“አንቱዬ! ቤትህን አየሁት! በሩ እንዴት ያምራል! ደረጃው፣ አበባው! ኮቱስ ብትል! ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁት። ሽማግሌዎቹን አሳፈርክልኝ። አትምጣ፣ ሥራህን ያዝ። ብቻ ድምፅህን አሰማኝ ልጄ።”

ከዚያኛው ወገን አንድ ድምፅ መጣ፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ እኔም በደንብ ሰማሁት። ስልኩ እስኪዘጋ አልቆመም።

እማማ ዘነቡ ሞባይሉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ዓይኖቼን ትክ ብለው አዩኝ።

“ሰማሽው አይደል?” አሉ። “ሳቀ።”

ሳቅ አልነበረም።

“አዎ እማማ” አልኳቸው። “ሳቀ።”